ሰውን ሳያሳፍሩ መሸጥ፦ ለባለሱቅና ለቴሌግራም ነጋዴ የሚሆን መመሪያ

በእኛ አገር ገበያ ቅር የተሰኘ ደንበኛ ብዙ ጊዜ አይቆጣም። ዋጋው ልብሱና አነጋገሩ ታይቶ እንደተጠራበት ገብቶታል፤ "ኦርጅናል" የተባለው ዕቃ ኦርጅናል አለመሆኑን ጠርጥሯል፤ ሻጩ ለባልንጀራው ሲጠቅስም በዐይኑ ጥግ አይቷል። ቢሆንም ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም። "ዞሬ እመጣለሁ" ብሎ ይሄዳል፤ አይመለስም። ለሻጩ ለመናገር ይሉኝታ የያዘውን ነገር ግን ለጎረቤቱ፣ ለሥራ ባልደረባውና ለዕቁብ ጓደኞቹ አንድም ሳያስቀር ይነግራል። ባለሱቁ የሆነውን የሚያውቀው ሽያጩ ሲቀንስ ነው፤ ያን ጊዜም "ገበያው ቀዝቅዟል" ከማለት በቀር ምክንያቱን አያገኘውም።

ይህ መመሪያ ለትንንሽ ነጋዴዎች የተዘጋጀ ነው፦ ቡቲክ፣ ዳቦ ቤት፣ ካፌ፣ የውበት ሳሎን ወይም የሰፈር ሱቅ ላላችሁ፣ ዕቃችሁን በቴሌግራምና በቲክቶክ ለምትሸጡም ጭምር። የማስታወቂያ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ውሳኔ ነው፤ እሱም የደንበኛን ይሉኝታ ማትረፊያ አለማድረግ ነው። "የሽያጭ ብልሃት" እየተባለ ከሚነገረው ውስጥ ብዙው፣ ሰው እምቢ ማለት የሚያፍርበትን ሁኔታ መፍጠር ነው። እኔ የማምነው በተቃራኒው ነው። ደንበኛ ሳይሸማቀቅ ሊጠይቅ፣ ሊመርጥ፣ ሊተውና ሊያማርር የሚችልበት ሱቅ ከየትኛውም ማስታወቂያ በተሻለ ይሸጣል።

ዋጋውን ይጻፉት

ከዋጋ የምንጀምረው አብዛኛው ሰው የሚሸማቀቀው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው። መስኮት ላይ የተሰቀለ ቀሚስ ዋጋ ካልተጻፈበት፣ አቅሙን የሚጠራጠር ሰው ገብቶ ከሚጠይቅ ማለፉን ይመርጣል። በስልክም ያው ነው፤ ከፎቶው ሥር "ለዋጋ በውስጥ መስመር" የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደሚቀጥለው ፎቶ ያልፋል። ሻጮች ለዚህ አሠራር ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ። አንዱ "ተፎካካሪዬ ዋጋዬን እንዳያይብኝ" የሚል ነው። ይህ ብዙም አያስኬድም፤ ተፎካካሪው ራሱን ገዢ አስመስሎ አንድ መልእክት ከላከ ዋጋውን ያገኘዋል። ሁለተኛው "አንዴ ካወራኝ አሳምነዋለሁ" የሚል ነው። የችግሩ እምብርት ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ሰውዬው "ይቅርብኝ" ለማለት እስኪቸገር ድረስ ማውራት ማለት ነውና።

ዋጋ መጻፍ የሕግም ጉዳይ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴው የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ አዟል። ሐሳቡ ግን ከሕግ የቆየ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ንግዳቸውን በአንድ ዋጋ ብቻ ያካሂዱ ነበር፤ በኋላ ሊቀንሱት እያሰቡ ዋጋን ከፍ አድርጎ መጥራት ውሸት መናገር ነው ብለው ያምኑ ስለነበር። ሕፃን ልጅ ወደ ሱቅ ቢላክ እንኳ እንደ አዋቂ ሰው ተስተናግዶ፣ በዚያው ዋጋ ገዝቶ መመለስ አለበት ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1861 ፊላደልፊያ ውስጥ የመጀመሪያውን ሱቁን የከፈተው ጆን ዋናሜከርም፣ ዋጋው የተጻፈበትን ዕቃ ለሁሉም በእኩል በመሸጥና ያልተስማማውን ሰው ገንዘብ በመመለስ ስሙን አስጠርቷል። ልጅ ተልኮ ሳይታለል የሚመለስበት ሱቅ መሆን ዛሬም ለአንድ ነጋዴ ትልቅ ስም ነው፤ የሰፈር እናቶች የትኛው ሱቅ እንደዚያ እንደሆነ ጠንቅቀው ያውቃሉ።

"መርካቶ ላይ ክርክር ባህል ነው፣ እንዴት ዋጋ ልጻፍ?" የሚል ይኖራል። ክርክሩን ማጥፋት የለብዎትም፤ የሚወዱት ደንበኞች አሉ። ሁለት ወሰን ግን ያብጁለት። በመጀመሪያ፣ መነሻ ዋጋው ለሁሉም አንድ ይሁን። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለእረፍት የመጣ ዘመድ ይዘው ገበያ የሚወጡ ሰዎች "አንተ መኪና ውስጥ ቆይ፣ እኔ ልጠይቅ" የሚሉት ለምን እንደሆነ እናውቃለን። አንድ ሰው በገዛ አገሩ ገበያ ተደብቆ እንዲገዛ ማድረግ ያሳዝናል፤ ለነጋዴውም አይጠቅምም፤ ያ እንግዳ በዓመቱ ሲመለስ ወደ እርስዎ አይመጣም። ሁለተኛ፣ መከራከር ለማይችለው ሰው፣ ለዐይናፋሩ፣ ለደከሙት አዛውንት፣ ለታማሚ መድኃኒትና ዕቃ ሊገዛ ተጣድፎ ለመጣው፣ ሳይጠይቅ የመጨረሻውን ዋጋ ይንገሩት። በክርክር ጉልበት ያላቸው ብቻ በርካሽ የሚገዙ ከሆነ፣ ዝምተኛው ሰው የሌሎቹን ቅናሽ እየከፈለ ነው።

የጻፉት ዋጋ ደግሞ የሚከፈለው ዋጋ ይሁን። 15 በመቶው ቫት በምናሌው ላይ ካልተካተተ፣ የአገልግሎት ክፍያም ከላዩ ከተጨመረ፣ ጓደኛውን ምሳ የጋበዘ ሰው ሒሳቡ ሲመጣ ጠረጴዛ ሥር ብሩን ይቆጥራል። በእንግዳው ፊት የተሸማቀቀበትን ምግብ ቤት ደግሞ አይረሳውም። "ዋጋው ቫትን ይጨምራል" የሚል አንድ መስመር ይህን ሁሉ ያስቀራል። በሞተር የሚያደርሱ ከሆነም የማድረሻውን ሒሳብ ከዕቃው ዋጋ አጠገብ ይጻፉ እንጂ ዕቃው በር ላይ ከደረሰ በኋላ አይናገሩ።

ሳይገዛ የሚወጣውን በክብር ይሸኙ

ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ ብዙ ሰው የማያውቃቸው ሁለት መብቶች አሉት። ሸማቹ ዕቃ ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ ለመግዛት አይገደድም፤ ነጋዴውም በትሕትናና በአክብሮት ሊቀበለው፣ ከስድብና ከዛቻም ሊጠብቀው ይገባል። ሕግ አውጪው ይህን መጻፍ ያስፈለገው ገበያችን ውስጥ የሚደርሰውን ስለሚያውቅ ይመስለኛል። "ይህን ሁሉ አስወርደህ ሳትገዛ?" የሚለውን ያልሰማ ሰው የለም።

እንዲህ ያድርጉ። ሰው ሲገባ ሰላም ይበሉትና ይተዉት። እግር በእግር አይከተሉት። "የሚፈልጉት ነገር ካለ እዚሁ ነኝ" ማለት ይበቃል። ዕቃ ሲያወርዱ ሁለት ወይም ሦስት ያሳዩ፤ አሥር አውርዶ ጠረጴዛ ላይ መከመር ሰውዬውን በይሉኝታ ለማሰር የሚደረግ ነው፤ እሱም ያውቀዋል። የሚፈልገው ከሌለዎት "ከእኛ ሦስተኛው ሱቅ ይኖራል፣ እዚያ ይሞክሩ" ይበሉት። ተፎካካሪ ጋ መላክ ሞኝነት የሚመስላቸው አሉ። ሆኖም እንዲህ የተላከ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ የሚጠይቀው መጀመሪያ እርስዎን ነው፤ እውነቱን እንደሚነግሩት አይቷልና።

ስለ ሰው አካል አስተያየት አይስጡ። "ይሄ ላንቺ አይሆንም፣ ወፍራም ነሽ" የሚባል ነገር በቀልድም አይነገር። "በዚህ ሞዴል ትልቁ ቁጥራችን 42 ነው፤ በዚያኛው ግን እስከ 48 አለን" ማለት ያንኑ መረጃ ይሰጣል፤ ማንንም አይጎዳም። ዐይነ ስውር ደንበኛ ከሰው ጋር ሲመጣ ራሱን ያነጋግሩ፤ "ምን ይፈልጋል?" ብለው አብሮት የመጣውን አይጠይቁ። መስማት የተሳነው ሰው ከመጣ ስልክዎ ላይ እየጻፉ ይነጋገሩ። ዋጋውን በጣት ብቻ አሳይቶ ማሰናበት ቀላል ነው፤ የጨርቁን ዓይነትና የአስተጣጠቡን ነገር የማወቅ መብት ግን እንደማንም ሰው አለው።

አጠራርም ቀላል ነገር አይደለም። አንዳንድ እናቶች "ማዘር" ሲባሉ ይደሰታሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ይከፋቸዋል። የማያውቁትን ትልቅ ሰው "እርስዎ" ብለው ይጀምሩ፤ "አንቺ በዪኝ" ካሉ ያን ጊዜ ይለውጡ። በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ ቋንቋ የሚያወራ ደንበኛ ሲመጣ ቢያንስ ሰላምታውን በቋንቋው ለመመለስ ይልመዱ።

ማስታወቂያዎን ሰው እንደሚያነበው ያስቡ

አሁን ስልክዎን ይክፈቱና ያለፉትን አሥር ማስታወቂያዎችዎን ያንብቡ። እያንዳንዱን፣ እህትዎ ወይም አባትዎ እያነበቡት እንደሆነ አስበው ይመልከቱ። ሦስት ዓይነት ነገር ካገኙ ያጥፉ።

አንደኛው ሰውን ራሱን እንዲጠላ የሚያደርግ ነው። የቆዳ ማንጫ ክሬም ማስታወቂያዎች እዚህ ይገባሉ። ጥቁር መሆንን እንደ በሽታ አድርገው ይሸጣሉ፤ ይህን አምርሬ እቃወማለሁ። ያላገባችን ሴት፣ ፀጉሩ የሳሳን ወንድ፣ ከወለደች በኋላ ሰውነቷ የተለወጠን እናት እያሳፈሩ መሸጥም ከዚህ አይለይም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 የሰውን ክብርና እኩልነት የሚነካ ማስታወቂያን ይከለክላል። አዋጁ ባይኖርም፣ ያዋረዱት ሰው ገንዘቡን እንዲሰጥዎት መጠበቅ ነውር ነው።

ሁለተኛው የውሸት ጥድፊያ ነው። "ሁለት ፍሬ ብቻ ቀረ" ብለው መጋዘንዎ ውስጥ ሁለት ካርቶን ካለ፣ ወይም "ለዛሬ ብቻ" ያሉት ቅናሽ ወሩን ሙሉ ከቆየ፣ ደንበኛው አንድ ቀን ይደርስበታል። ከዚያ በኋላ በእውነት ሁለት ፍሬ ሲቀርዎት የሚያምንዎት የለም። በዓል ሲቃረብ ዋጋ ከፍ አድርጎ ከላዩ "ታላቅ የበዓል ቅናሽ" መለጠፍም ያው ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለፋሲካ ወይም ለዒድ ልጆቿን ለማልበስ ስትቆጥብ የከረመች እናት ያለፈውን ወር ዋጋ አትረሳም።

ሦስተኛው አዘኔታን መሸጥ ነው። "እባካችሁ ግዙኝ፣ ልጆች አሉኝ" የሚል ጥሪ አንድ ጊዜ ይሠራል፤ የገዛውም ሰው ዕቃ የገዛ ሳይሆን ምጽዋት የሰጠ ይመስለዋል። ቤተልሔም ጥላሁን አዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ የጀመረችውን ሶልሬብልስ የተባለ የጫማ ሥራ እንውሰድ። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ሶል፣ በእጅ ከተሸመነ ጥጥ ደግሞ የላዩን እየሠራች ዓለም አቀፍ ገበያ ውስጥ ስትገባ፣ ያቀረበችው ጫማውንና የሠሪዎቹን ሙያ ነበር። የሠፈሩን ድህነት መሸጫ ብታደርገው ኖሮ ሠሪዎቹም ገዢዎቹም ክብራቸውን ያጡ ነበር።

እነዚህን ካጠፉ በኋላ ምን ይጻፉ? እውነቱን፣ ጉድለቱንም ጨምሮ። ለምሳሌ እንዲህ፦

"የሴት የቆዳ ጫማ፣ አዲስ አበባ የተሠራ። ሶሉ ጎማ ነው። ከ37 እስከ 41 ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ትንሽ ይጠባል፣ 38 የሚያደርጉ 39 ይውሰዱ። ለክረምት ጭቃ አይሆንም። ዋጋ 2,800 ብር፣ ቫትን ጨምሮ። አዲስ አበባ ውስጥ ለማድረስ 200 ብር። መጥተው ለክተው ካልወደዱት ችግር የለም።"

"ለክረምት ጭቃ አይሆንም" የምትለዋን አትፍሯት። የሚበዛው ሰው "ምርጥ ጥራት" የሚለውን ቃል ማንበብ ትቷል፤ ጉድለቱን የነገረውን ሻጭ ግን በቀረውም ያምነዋል። ስልክ የሚሸጡ ከሆነም ያገለገለውን ያገለገለ፣ ስክሪኑ የተቀየረውን ተቀይሯል ብለው ይጻፉ።

ስለሚበላና ስለሚጠጣ ነገር ሲሆን

ምግብ የሚሸጡ ከሆነ ይህን ክፍል አይዝለሉት። ለጿሚ ሰው "የጾም ነው?" የሚለው ጥያቄ የጣዕም ጥያቄ አይደለም፤ የእምነት ጉዳይ ነው። የኦርቶዶክስ ጿሚ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበላም። ሁዳዴ ብቻ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አሉ፤ ሌሎቹ አጽዋማትም አሉ። ሙስሊም ደንበኛዎ ደግሞ ሥጋው የማን ዕርድ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። ዳቦ ቤቱ የዳቦው ሊጥ ውስጥ ወተት መኖር አለመኖሩን ሳያጣራ "አዎ፣ የጾም ነው" ካለ፣ ሰውዬውን የከፋ ነገር ውስጥ ያስገባዋል፤ ሰውዬው ደግሞ መሳሳቱን የሚያውቅበት መንገድ እንኳ የለውም።

ስለዚህ ለሚሸጡት ለእያንዳንዱ ምግብ ምን እንደገባበት በአንድ ወረቀት ይጻፉና ሠራተኞችዎ ሁሉ የሚያዩት ቦታ ይለጥፉ። የጾም ኬክ የሚቀባበትን ቢላዋና ሳህን ይለዩ፤ ካልለዩ ሲጠየቁ ይናገሩ። "ስኳር የሌለው" ብለው ማር ከጨመሩበት፣ የስኳር ሕመም ያለበትን ሰው እየጎዱ ነውና እንዲህ አይጻፉ። ሠራተኛው የማያውቀውን ሲጠየቅ "አላውቅም፣ ጠይቄ ልንገርዎ" እንዲል ያለማምዱት። ይህ መልስ ከማንኛውም ፈጣን መልስ ይበልጣል።

የደንበኛዎን ስልክና ፊት ይጠብቁለት

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ክፍያ ሲላክ የከፋዩ ስም አብሮ ይመጣል። ብዙ ሻጮች ታማኝነታቸውን ለማሳየት የክፍያውን ስክሪንሹትና የደንበኛውን መልእክት ቻናላቸው ላይ ይለጥፋሉ። ስም፣ ስልክና የቤት አቅጣጫ ሁሉም ይታያል። ይህ አደገኛ ነው፤ ለሴት ደንበኞች በተለይ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው የግል መረጃ ሕጋዊ መሠረት ሳይኖር እንዳይሠራጭ የሚጠብቅ ነው። ምስክርነት መለጠፍ ከፈለጉ ባለቤቱን ይጠይቁ፤ ፈቃድ ካገኙም ስምና ቁጥሩን ይሸፍኑ።

አጠያየቁም ይታሰብበት። ፀጉሯ እየተሠራ ወንበር ላይ ያለችን ሴት ካሜራ ደግኖ "ቲክቶክ ላይ ላውጣሽ?" ማለት ጥያቄ አይደለም፤ እምቢ ብትል ሥራው ይበላሽብኝ ይሆን ብላ ትሰጋለች። ከፍላ ለመውጣት ስትነሣ፣ ሌላ ሰው በማይሰማበት፣ "ባትፈልጊም ምንም ማለት አይደለም" ብለው ይጠይቁ። የልጅ ፎቶ ከሆነ ወላጁን ያስፈቅዱ። ለተቸገረ ሰው ልብስ ወይም ምግብ ሰጥቶ ፊቱን እየቀረጹ ማሰራጨት ደግሞ ፈጽሞ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው። መስጠት ከፈለጉ ይስጡ፤ ሰውዬውን ግን የሱቅዎ ማስታወቂያ አያድርጉት።

የደንበኛ ቁጥር ይዘው መልእክት የሚልኩ ከሆነ ሦስት ነገር ይጠብቁ፦ ፈቃደኛ ለሆነ ብቻ ይላኩ፤ ማታ አይላኩ፤ "አይላክልኝ" ያለን ያን ዕለት ያውጡት። በየሳምንቱ ከሚላክ ብዙ መልእክት ይልቅ "የጠየቁት 40 ቁጥር ገብቷል" የሚል አንድ መልእክት ይበልጣል፤ ያ ሰው እንደታሰበ ያውቃልና።

የዱቤውን መዝገብ በምስጢር ይያዙ

የሰፈር ሱቅ ያለ ዱቤ የሚኖር አይመስለኝም። ደመወዝ እስኪገባ ዘይትና ዱቄት የሚወስድ ቤተሰብ ባለሱቁን ከባንክ ይልቅ ያምነዋል። ያ እምነት በአንዲት ቃል ይፈርሳል። ወረፋ በቆሙ ሰዎች ፊት "ያለፈውን ሳትከፍል?" ማለት፣ የሰውዬውን ልጅ "ለአባትህ ንገረው" ብሎ መላክ፣ የባለዕዳዎችን ስም ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ሁሉም ብሩን ቢያስመልሱ እንኳ ሰውዬውን ያስቀሩታል። ልጅየው ደግሞ ያን ቀን ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም።

ዱቤ ሲሰጡ ወዲያው ይጻፉ፤ የጻፉትን ለደንበኛው ያሳዩ፤ እሱም በትንሽ ወረቀት ይያዝ። ከዚያ በኋላ "ይህን አልወሰድኩም" የሚል ክርክር አይነሣም። የመክፈያው ቀን ሲያልፍ ለብቻው ደውለው፣ ከሰላምታ ጀምረው፣ "በሁለት ከፍለን እናድርገው?" ይበሉ። ለሁሉም ሰው መስጠት ካልቻሉ አለመስጠት መብትዎ ነው፤ ታዲያ በሚያሾፍ ጽሑፍ ፋንታ "ይቅርታ፣ ዱቤ አንሰጥም" ብለው በቀጥታ ይጻፉ።

ቅሬታ እንዲነገርዎት ያድርጉ

ብዙ ሱቅ ግድግዳው ላይና ደረሰኙ ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ይላል። አዋጅ ቁጥር 813 ግን ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ያንን ጽሑፍ ያንሡና በምትኩ ይህን ይለጥፉ፦ "ዕቃው ጉድለት ካለው በ15 ቀን ውስጥ ደረሰኙን ይዘው ይምጡ፤ እንለውጣለን ወይም ገንዘብዎን እንመልሳለን። ልክ ካልሆነልዎ፣ ሳይለበስ በሦስት ቀን ውስጥ ይዘው ከመጡ እንቀይራለን።" ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ከሕጉ ውጭ የራስዎ ስጦታ ነው፤ ቀኑን እንደ አቅምዎ ይወስኑ።

ቅሬታ ይዞ የመጣን ሰው እንዲህ ያስተናግዱ። ከሌሎች ደንበኞች ዞር አድርገው ያስቀምጡት። ሳያቋርጡ ይስሙት። "እስካሁን እንዲህ ብሎ የመጣ የለም" አይበሉ፤ ሰውዬውን ውሸታም ማለት ነው። "መብራት ጠፍቶ ነው፣ ኔትወርክ የለም፣ ሞተረኛው ነው" የሚለውን ሰበብም ያቆዩት፤ እውነት ቢሆን እንኳ ከይቅርታው በፊት አይምጣ። "ይቅርታ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው" ብለው ይጀምሩ።

ቀጥሎ የሚመጣው በእኛ ባህል አስቸጋሪው ነው። ይቅርታ የተጠየቀ ሰው ወዲያው "ግዴለም፣ ተዉት" ይላል። አይተዉት። ያ "ግዴለም" የይሉኝታ ነው፤ ቤቱ ሲደርስ ቅሬታው እንዳለ ነው። "ምን ላድርግልዎ?" ብለው ከጠየቁትም "እንደፈቀዱ" ይላል። ስለዚህ ሁለት ግልጽ ምርጫ ያቅርቡለት፦ "አሁኑኑ በሌላ ልቀይርልዎ ወይስ ገንዘቡን በቴሌብር ልመልስልዎ?" ከዚያ እዚያው ያድርጉት። በማግሥቱ ደውለው መስተካከሉን ያረጋግጡ።

ቅሬታ ያልመጣበትንም ዕቃ ይጠይቁ። ከሳምንት በኋላ ሲደውሉ "ጥሩ ነው አይደል?" አይበሉ፤ ሁሉም "በጣም ጥሩ ነው" ይልዎታል። "ሌላ ጊዜ ስናመጣ ምን ብናስተካክል ይሻላል?" ይበሉ። እንዲህ ሲጠየቅ ሰው እንደ አማካሪ ይሰማዋል፤ ማሰሪያው እንደሚላላ፣ ቀለሙ እንደሚለቅ ያን ጊዜ ይነግርዎታል። የሰሙትን በቀን አንድ መስመር በደብተር ይያዙ፤ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ከተደገመ አቅራቢዎን ይለውጡ ወይም ዕቃውን ማምጣት ያቁሙ። ያስተካከሉ ዕለትም ለነገረዎት ሰው ደውለው ያሳውቁ።

በአደባባይ፣ በፌስቡክ ወይም በቲክቶክ ሥር ለተጻፈ ክፉ አስተያየት አንድ ጊዜ ብቻ በጨዋነት ይመልሱ፦ ችግሩን እንደሰሙ፣ መፍትሔውንም በስልክ እንደሚነጋገሩ ይጻፉ። አስተያየቱን አያጥፉ፤ ጸሐፊውንም አይስደቡ። ክርክሩን የሚያነቡት ሌሎች ደንበኞች ነገ ችግር ቢገጥማቸው እንዴት እንደሚስተናገዱ ከእርስዎ መልስ ይለካሉ።

ሠራተኛዎ እንደተያዘ ይይዛል

ከላይ የተጻፈው ሁሉ በሠራተኛው እጅ ነው የሚፈጸመው። ጠዋት የተሰደበ ልጅ ከሰዓት ለደንበኛ ፈገግ ሊል አይችልም። ደመወዙ በኮሚሽን ላይ ብቻ ከቆመ ደግሞ ሰው በግድ እንዲገዛ መጎትጎቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ቋሚ ደመወዝ ይኑረው፤ ጉርሻውንም ከሽያጩ ብዛት ይልቅ ተመልሰው ከመጡ ደንበኞች ጋር ያያይዙት። ዕቃ ለመቀየርና እስከ ተወሰነ ብር ድረስ ገንዘብ ለመመለስ ሥልጣን ይስጡት፤ "ባለቤቱ የለም፣ ነገ ና" የሚለው መልስ ቅሬታ ያለበትን ሰው ሁለት ጊዜ ይበድላል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማድረግ አይችሉም፤ ከዋጋው ይጀምሩ። ነገ ሱቁ ሳይከፈት ዕቃው ሁሉ ላይ ዋጋ ይለጥፉ፤ ቻናልዎ ላይ ያሉትን ፎቶዎችም ያስተካክሉ። በሚቀጥለው ሳምንት የመመለሻውን ጽሑፍ ይለውጡ። ነገር ግን ስልኩን የሚያነሣ፣ ዕቃውን የሚቀይር፣ ገንዘብ የመመለስ ሥልጣን ያለው ሰው ሳያዘጋጁ "ቅሬታ ካለዎት ይደውሉልን" ብለው አይጻፉ። ይሉኝታውን አሸንፎ የደወለን ሰው መልስ መንሳት ቀድሞውኑ ካለመጋበዝ የባሰ በደል ነው።